የባህር ቀንዲል ፍለጋ፦ ከአሶሳ እስከ ሆሞሻ

ቅዳሜ ጠዋት ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ የተነሳሁት በአንድ ውሸቴ ምክንያት ነው። አስቀድሜ ልናገረውና ይቅለለኝ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ተሰቅሏል። ጸሐፊውም፣ ሾፌሩም፣ የጤና ረዳቱም ያቋረጠውን ትምህርት ለመጨረስ ከሥራ መልስ ወደ እኛ ትምህርት ቤት ይመጣል። እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በዚያ ሳምንት ስለ ጄሊፊሽ ሳስተምር ነገሩ ተጀመረ። አጥንት የለውም፣ ልብ የለውም፣ አንጎል የለውም፣ አካሉ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፣ ግን በሚጎትታቸው ክሮች የነካውን ሁሉ በመርዝ ያቃጥላል ብላቸው ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ከኋላ የተቀመጠ ሾፌር፣ "መምህር፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል?" አለኝ።

ባህር የማውቀው ካርታ ላይ ነው። "እንዴታ! ምጽዋ ላይ እግሬን ነድፎኛል" አልኩት። አፌ ቀደመኝ። ሳቁ ቀጥ አለ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ።

ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልቆየም። ከአንዱ አዲስ ቢሮ የምትመጣው ታይፒስት ሐሊማ እጇን አወጣች። "መምህር፣ አጎቴንም ነድፎታል፣ ባህር ላይ። ሆሞሻ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ልውሰድዎትና ሁለታችሁ ተነጋገሩ፤ ሰኞ ለእኛ ይነግሩናል።" ክፍሉ አጨበጨበ። እምቢ የምልበት ቀዳዳ አልነበረም።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ስቆዝም፣ አሶሳ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የኖረው ባልደረባዬ ታደሰ ሳቀብኝ። "ምን አስጨነቀህ? እዚህ አገር 'ባህር' ሲሉህ ወንዝ ማለታቸው ነው፣ ከሱዳን የመጣ ዐረብኛ ነው። ዓባይ ውስጥ ሲነኩት ክንድ የሚያደነዝዝ ዓሣ አለ፤ ሰውየውን የመታው እሱ ነው። የጨው ባህር የት አይቶ!"

ትንፋሼ ተመለሰ። ሄጄ ስለ ዓሣው እጽፋለሁ፣ ሰኞ "ይህ ሌላ ነው" ብዬ አስረዳለሁ፣ የምጽዋው ጉዳይም በዚያው ይረሳል ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከገበያው ዳር አንድ አይሱዙ አገኘን። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ከላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ሐሊማ ነጠላዋን አፏ ላይ ሸብ አድርጋ፣ "መምህር፣ የተቀመጡበት የአሰብ ጨው ነው" አለችኝ። ከባህር ጋር የተገናኘሁት ያን ዕለት፣ በዚያው በመቀመጫዬ በኩል መሆኑን ለራሴ ብቻ ነገርኩት።

ከከተማው የማንጎ ዛፎች ስንወጣ መንገዱ ቀይ አፈር ነው። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ መኪናው የሚያስነሳው አቧራ ቅንድባችንን አቀላው። ግራና ቀኙ ቀርከሃ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ላይ ጎንበስ ይላል። አንድ ጅረት ዳር ሴቶች ገበቴ ይዘው ከአሸዋው ወርቅ ያጥባሉ። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲያሰማ ቀና ብለው እጃቸውን አውለበለቡልን። አገሩ እንዲህ ማማሩን ክፍል ውስጥ ተዘግቼ ሳላየው መክረሜ ቆጨኝ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሆሞሻ

ሼህ ሙሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳው በቀርከሃ የተሠራ ቤታቸው ደጃፍ፣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ አሶሳ ሁሉም ተጠየቀ። የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ቀረበ፤ ቀጥሎ ቀይ ከርከዴ ጠጣን። የሚጣፍጥ ምግብ ነው፤ ሳላፍር ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

"አንተ ነው ባህር የነደፈህ መምህር?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ፣ ገንፎውን እየዋጥኩ።

ስለ ዓባዩ ዓሣ ስጠይቃቸው በተሰባበረ አማርኛቸው ጀመሩልኝ። "ራዓድ ይባላል፣ ነጎድጓድ ማለት ነው። መረብ ላይ ነካ፣ እጅ ሞተ። ሰው ውሃ ላይ ወደቀ፣ እኛ ሳቀ።" ደብተሬን አውጥቼ በደስታ ጻፍኩ። ታደሰ ልክ ነበር።

ሼህ ሙሳ እጄን ያዙ። "ይሄ የባህር ነው። ባህር ማልህ ግን ሌላ ነው።"

"ጨዋማውን ባህር ማለቱ ነው" አለች ሐሊማ። "ፖርት ሱዳን ብዙ ዓመት ጀልባ ሲያራግፍ ኖሯል።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን አሳዩኝ፤ ጅራፍ ያረፈበት የሚመስል፣ የደበዘዘ መስመር ዙሪያውን ጠምዝዞታል። "ቀንዲል" አሉ። "የባህር ቀንዲል።"

አማርኛችንም ቀንዲል ይላል፤ ያው መብራት ነው። እኔ ግን "ጄሊፊሽ" እያልኩ ነበር ሰው ሳደናግር የኖርኩት።

"ሐሊማ፣ አንተ ሳፋ አምጣ፣ ውሃ ሙላ" አሉ። ሐሊማ ፈገግ ብላ አመጣች። ሼህ ሙሳ ጥምጥማቸውን ፈቱ፤ ዳር ዳሩ ክር የሆነ ስስ ሻሽ ነው። መሀሉን በሁለት ጣት ይዘው ውሃው ውስጥ ሰደዱት። ቀስ ብለው ሳብ ለቀቅ ሲያደርጉት ሻሹ ጉልላት ሆኖ ተነፋ፣ ተሰበሰበ፣ እንደገና ተነፋ፤ ክሮቹ ከኋላው እየተንሳፈፉ ተከተሉት። የሚተነፍስ ነገር ነበር። ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሳልኩት እንስሳ ያን ጊዜ ገና ነፍስ ዘራልኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አላውቅም።

"አጥንት የለውም። ደም የለውም። አይቸኩልም" አሉ ሼህ ሙሳ በአድናቆት። "አሸዋ ላይ ሞቶ እንኳ፣ ክር ከነካህ ያቃጥላል። እኔ እሱን አይጠላም። ቆንጆ ነው። እኔ ነው እሱ ቤት የገባው።"

ከዚያ ዓይናቸውን እግሬ ላይ አሳረፉ። "አንተ ሲነድፍ፣ በምን ታጠበ?"

"ወዲያው በንጹህ የቧንቧ ውሃ" አልኩ፣ አዋቂ መስዬ።

ሼህ ሙሳ ዓይናቸውን ከእግሬ ላይ አነሱ። ሐሊማ አየቻቸው፣ እኔንም አየች። በኋላ እንደተረዳሁት፣ የባህር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የቀንዲል ንድፍ በዚያው በጨው ውሃ ነው የሚታጠበው። ጨው የሌለው ውሃ ሲነካው ቆዳ ላይ የቀረው መርዝ ይብስበታል።

"ትንሽ ቀንዲል ነበረ" አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው። "ትንሹ እንዲህ ነው፣ ብዙ አያምም።" ሻሹን ጨምቀው ቀርከሃው ላይ አሰጡት። ውሸቴን እሳቸው በራሳቸው አፍ ሸፈኑልኝ። ምንጣፉ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ መልስ ጉዞ

እስከ መኪናው ሸኙኝ። ሐሊማ ቀድማ ስትወጣ እጄን ጨብጠው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "መምህር፣ ባህር ማልህ ሩቅ ነው። ያላየ ሰው ኃጢአት የለውም" አሉኝ።

አሶሳ እስክንገባ ሐሊማ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች። እኔም ያንኑ ቀርከሃ እያየሁ መጣሁ፤ ጠዋት እንዳየሁት ግን አላማረኝም።

ሰኞ

ገና ጠመኔ ሳልይዝ ተናገርኩ። "ምጽዋ ሄጄ አላውቅም። ምንም አልነደፈኝም። ዋሽቻችኋለሁ።"

ያ ሾፌር ጉሮሮውን ጠራረገ። "ታዲያ መምህር፣ ይሄ እንስሳ የለም ማለት ነው?"

የፈራሁት ይኼንኑ ነበር፤ በእኔ ውሸት እውነተኛው ቀንዲል አብሮ ሊጠፋ ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሐሊማ ተነሳች። ከዴስኳ ሥር ውሃ የሞላ ሳፋና አንድ ስስ ነጭ ሻሽ አወጣች፤ ለካስ አስባበት ነው የመጣችው።

"አለ" አለች። "መምህር፣ ይፈቅዱልኛል?"

ሳፋውን ጠረጴዛዬ ላይ አኑራ ሻሹን በሁለት ጣት ያዘች፤ ተማሪው ሁሉ ዙሪያዋን ከበበ። ባለፈው ሳምንት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፌው ሳይጠፋ የቆየውን "ጄሊፊሽ" አጠፋሁና "የባህር ቀንዲል" ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ሐሊማ የተነሳችበት ዴስክ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩና ደብተሬን ገለጥኩ።