ያልተያዘልኝ ኮርስ

ጥፋቴ ማመልከቻውን በእጅ መስጠቴ ነው። ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው፣ ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ እንደሚቆጠር ለአዲስ ሠራተኛ የማስረዳ ሰው፣ የራሴን ማመልከቻ በሁለት እጄ ይዤ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሰጠሁት። አስተማሪዬ ነው ብዬ፣ አክብሬው።

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ፣ ቅዳሜና እሑድ ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ መዘዞ በምትባል የገጠር ከተማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዓመት ለእኔ ቀላል አይደለም። የኔትወርክ ደህንነት የሚባለው ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። እሱን ደግሞ ከውጭ አገር ተቋም በኦንላይን ተምሬ፣ ተፈትኜ ጨርሼዋለሁ። ክሬዲቱ ከተያዘልኝ ዘንድሮ እመረቃለሁ፤ ካልተያዘልኝ ለአንድ ኮርስ ስል ዓመት እጠብቃለሁ። መመሪያቸው ይዘቱ ከተመሳሰለ ይያዛል ይላል። አንቀጹን ጠቅሼ፣ የሁለቱን ኮርሶች ምዕራፎች ጎን ለጎን ጽፌ ነበር ያመለከትኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስጠይቀው፣ "የምን ማመልከቻ?" አለኝ።

"ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ያለው። እዚሁ ጠረጴዛዎ ላይ ነው ያስቀመጡት።"

"እትዬ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንት ወረቀት የሚያድር ይመስልዎታል? ደግሞስ ዩቲዩብ ያየ ሁሉ ክሬዲት ይያዝልኝ ካለ እኛ ምን ልንሠራ ነው?"

"ዩቲዩብ አይደለም። የሦስት ሰዓት ፈተና ተፈትኛለሁ።"

"ማን ቆሞ ፈተነዎት?"

"በካሜራ ነው የሚጠብቁት።"

"በካሜራ" አለ፣ አጠገቡ ወደተቀመጠው አስተማሪ ዞሮ። ሁለቱም ሳቁ።

ሰኞ ማመልከቻውን እንደገና ጽፌ በመዝገብ ቤታቸው በኩል አስገባሁ፤ ገቢ ቁጥር አሰጠሁት። ከግርጌው ግልባጭ ለሬጅስትራርና ለዲኑ አልኩበት። ግልባጩ ለአለቃ የሄደ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አይተኛም። እንዲያመውም ፈልጌ ነበር፤ አሁን ንጹሕ ነበርኩ አልልም።

በሳምንቱ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። "ከሰስሽኝ፣ አይደል?" አለኝ። እርስዎ ማለቱ ቀርቷል።

"አልከሰስኩም። ግልባጭ ነው።"

"መልሱ ይደርስሻል።"

ደረሰኝ። ማክሰኞ ጠዋት ለመሥሪያ ቤታችን የመጡትን ደብዳቤዎች ስከፍት፣ ከአንዱ ፖስታ ውስጥ የራሴ ስም ወጣ። ኮርሱ ገጽ ለገጽ ያልተሰጠ በመሆኑ ሊያዝ እንደማይችል ይገልጻል። ከግርጌው ደግሞ፣ ግልባጭ ለሚሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ በሥራ ሰዓት የኦንላይን ትምህርት መከታተላቸው እንዲታወቅ፣ ይላል። በሥራ ሰዓት አንድም ቀን ተምሬ አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ልቀደው እችል ነበር። ቁጥር ሰጠሁት፣ የገቢ ማኅተም መታሁበትና ለአለቃዬ አስገባሁ።

አለቃዬ አንብቦ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "ሰውየውን ምን አድርገሽው ነው?"

"ግልባጭ።"

"ለስንት ሰው?"

"ለሁለት።"

"እሱ በአንድ ነው የመለሰልሽ፤ ተመስገን በይ" አለና፣ ከማኅደራቸው ጋር ይያያዝ ብሎ መራው። በገዛ እጄ ከማኅደሬ ጋር አያያዝኩት።

ለዲኑ ይግባኝ ጻፍኩ፤ መልስ ሳይመጣ ምርቃቱ አለፈ። ኮርሱ እንደገና ሲከፈት ተመዘገብኩ። የሚያስተምረው ያው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ራሱ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ስለ ፋየርዎል አስተማረን፤ ወደ ኔትወርኩ ማን ይግባ፣ ማን አይግባ ስለሚሉት ትእዛዞች። ሰሌዳው ላይ በመጀመሪያው መስመር ሁሉንም ከልክል ብሎ ጻፈ፤ የሚፈቀድላቸውን ከሥሩ ደረደረ። ማሽኑ ግን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው። የመጀመሪያው መስመር ሁሉንም ከመለሰ፣ ከሥር ያለው ፈቃድ ለማንም አይደርስም።

ዞር ብሎ፣ "እትዬ ኤክስፐርት፣ ልክ ነው?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ።

"ልክ ነው፣ መምህር።"

ተማሪው ሁሉ እንዳለ ጻፈው። እኔ ክልከላውን የመጨረሻው መስመር ላይ አውርጄ ጻፍኩና ደብተሬን በክንዴ ሸፈንኩት።