ሰባተኛው አባት

በዚያ ዘመን ላሊበላ ውስጥ ጠበቃ ነኝ የሚል ሞልቷል። እስክሪብቶ ይዞ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ጠበቃ ነበር። የሻው ግን የምሩን ነው። ቅኔ ቤት ከርሞ፣ ድቁናውን ትቶ ሲወጣ የተረፈው ምላሱ ብቻ ነበር፤ ምላሱ ደግሞ ጤፍ ይቆላል። ጠዋት ለከሳሹ ክስ ይጽፋል፤ ከሰዓት ተከሳሹ እያለከለከ ሲመጣ መልሱንም ይጽፍለታል። ምነው ይህማ ነውር አይደለም ወይ ቢሉት፣ የክሱን ቀዳዳ ከጻፈው ሰው በላይ ማን ያውቀዋል ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ምን ይባላል!

ላስታ ላይ የመሬት ሙግት ማለት አባት መቁጠር ነው። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው ዘንድ እስኪደርስ አያት ቅድመ አያት ቆጥሮ፣ ሦስት ሽማግሌ ያስመሰከረ ድርሻ አለው። የሻው ለስንቱ ቆጥሮ መሬት አስገኝቷል። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግን ለራሱ ሊቆጥር ተነሣ። ከገነተ ማርያም በታች ያለች አንዲት የገብስ መሬት ዓይኑ ገብታለች። ባለቤቷ ደባሱ የሚባል ገበሬ ነው፤ መሬቷን መጀመሪያ ያቀናት ፊታውራሪ እንግዳሸት ነው፣ ደባሱም የሱ ዘር መሆኑን ትንሹም ትልቁም ያውቃል። የሻው እናቱን ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስን አስቀምጦ አባቶቻቸውን አስቆጠራቸው። እስከ ስድስተኛው ሳይደናቀፉ ቆጠሩ፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጠፋቸው። እሱ የደባሱን ፊታውራሪ አንሥቶ ከዚያ ክፍት ቦታ ላይ ተከለዋ! ሽማግሌ ለማግኘት ምን ቸገረው፣ ምስክር ማሰናዳት እንጀራው ነው። ተፈረደለት። ደባሱ የፍርዱን ግልባጭ በፍየል ቆዳ ጠቅልሎ ቤቱ ገባ። ማንበብ አይችልም፤ በሰው እያስነበበ ግን በቃሉ አጠናው።

ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ይህ ሁሉ ለሙግት መሆኑን ማን ነግሯቸው! የጠፋባቸው አባት የተገኘላቸው መሰላቸውና አለቀሱ። የስድስቱን አባቶቻቸውን የክርስትና ስም፣ ሰባተኛውንም ጨምሮ፣ የሻው በገዛ እጁ እንዲጽፍላቸው አደረጉ። የፊታውራሪውን የክርስትና ስም ከየት እንዳመጣው እሱ ይወቅ። ዝርዝሩን ለነፍስ አባታቸው ለቄስ ገብረ ሊባኖስ ሰጡ፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ መገበሪያ ይዘው እየሄዱ፣ የሰባቱን ስም ከሙታን ጋር በቅዳሴ ያስጠራሉ። የሻው እናቱ ያቺን ዱቄት ሲሰፍሩ ባየ ቁጥር ቅር ይለዋል። ግን ፍርድ ያገኘበትን ነገር እንዴት ብሎ ያፍርሰው?

አብዮቱ ሲመጣ ከማንም ቀድሞ ዞረ። ማመልከቻው አናት ላይ የነበረውን «ግርማዊ ሆይ» ባንድ ጀምበር «ኢትዮጵያ ትቅደም» አደረገው። ካኪ አሰፋ። ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሲናገር እንባ ይተናነቀው ጀመር፤ ያ ጭቁን ሕዝብ ደባሱን እንደሚጨምር ትዝ ያለው አይመስልም። መሬቲቱ በአዋጁ ብትወሰድበትም አላዘነም፣ ዓይኑ ያረፈው ከቀበሌው ሊቀ መንበርነት ላይ ነው።

በስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት የምርጫው ስብሰባ ተጠራ። ምናለ የሚባል ካድሬ ከደሴ መጥቶ ሕጉን ተናገረ፤ ባላባትና የባላባት ዘር አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ ተደብቆ የተገኘ ይታሰራል። የሻው ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ለካ ደባሱ ከገነተ ማርያም ድረስ በእግሩ መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል። እጁን አወጣና የፍየል ቆዳውን ፈታ። ካድሬው ወረቀቱን ሲያነብ እሱም አብሮ በቃሉ ይለው ጀመር፤ አመልካች አቶ የሻው የፊታውራሪ እንግዳሸት ተወላጅ መሆናቸው በሰው ምስክር ስለ ተረጋገጠ፣ እያለ። ከታች ማኅተም አለበት። ጉድ ፈላ! ሁለት ዘበኞች መጥተው ከየሻው ኋላ ቆሙ።

በዕድሜው ካሸነፋቸው ሙግቶች ሁሉ ትልቁ ዞሮ መጥቶ አንገቱን ያዘው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ምሕረት ይለምን ነበር። የሻው ጉሮሮውን ጠረገና በራሱ ፍርድ ላይ ይግባኝ አለ። የገዛ ምስክሮቹን ሐሰት አንድ በአንድ ዘረገፈው፤ አንደኛው ዓይነ ስውር ሆኖ ድንበሩን በዓይኔ አይቻለሁ ማለቱን፣ ሁለተኛው አገሩ ቆላ ሆኖ ገነተ ማርያምን ረግጦ አለማወቁን፣ ሦስተኛው የገዛ አያቱን ስም ሲጠየቅ መሳቱን። ሲከራከር እንዲህ አምሮለት አያውቅም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጓዶች፣ ፊታውራሪው አባቴ አይደለም። ከእናቴ ዘር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ዘር የለኝም፣ የማንም ነኝ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ካድሬው ትንሽ አሰበና የፊውዳልን ፍርድ ቤት ማታለል ወንጀል ሳይሆን የመደብ ትግል ነው ብሎ በየነ። የደባሱ መሬት በየትኛው ትግል እንደ ሄደ የጠየቀ የለም። ብቻ ካድሬው፣ እንግዲያው የፊታውራሪው እውነተኛ ዘር ማን ነው ሲል ጠየቀ። ደባሱ ይህን ጥያቄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል። ደረቱን ነፍቶ እኔ ነኝ አለ። ሦስት ወር ታሰረ። ሲፈታም አልተቆጨም አሉ፤ የእሥር ወረቀቱን ከፍየል ቆዳው ከቶ፣ በመጨረሻ መንግሥት ዘሬን በማኅተም አወቀልኝ እያለ ያሳያል።

የሻው እጅ እየወጣለት ሲመረጥ፣ ከሴቶቹ መካከል የተቀመጡትን እናቱን ያስታወሰ አልነበረም። ጭብጨባው ሲያልቅ ተነሡና ከጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

«አሥራ ሁለት ዓመት የሰው አባት ነው ያስጠራሁት በለኛ» አሉ። «ይሁን። የኔ ሰባተኛውስ ማን ነበር?»

የሻው አላውቅም አለ፣ በሹክሹክታ። እናቱ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ አልመጡም፤ ቢልክባቸውም መልስ የለም። እሱም ሥራ በዝቶብኝ ነው የማልሄደው እያለ ይሸነግል ነበር፤ የሚሸነግለው ግን ራሱን ነው።

ሁለት ዓመት ሊቀ መንበር ሆኖ ከረመ። አንድ ሰሞን ካድሬው፣ እሑድ እሑድ ስብሰባ ትተው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትን መዝግበህ አምጣ አለው። እሑድ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ አፋፍ ላይ ቆመ። የኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ከመሬት በታች ነው፤ ላይ የቆመ ሰው የቀዳሹን ድምፅ ከእግሩ ሥር ይሰማል። ቄስ ገብረ ሊባኖስ የሙታንን ስም እየጠሩ ነበር። ስድስት ስሞች ተከታትለው መጡ፤ ራሱ የጻፋቸው ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸውን አልሳተም። ሰባተኛውን ሲጠብቅ ቄሱ «ወልደ ሰንበት» አሉ። የየሻው የክርስትና ስሙ ነው።

ሳይመዘግብ ቤቱ ገባና፣ ልማዱ ነውና፣ ወረቀት አወጣ። ለደብሩ አስተዳዳሪ፣ በሕይወት እያለሁ ስሜ ከሙታን ጋር ስለ ተጠራ ይሰረዝልኝ ሲል አሳምሮ ጻፈ። ከታች የሰው ምስክር ከሚለው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ወልደ ሰንበት እሱ መሆኑን ማን ይመስክር? ያጠመቁት ቄስ ሞተዋል፤ ክርስትና አባቱም ሞቷል። የቀሩት አንዲት ሰው ናቸው። «ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ» ብሎ ጻፈ። ምን ብለው እንደሚመሰክሩ ግን ራሱ በሕዝብ ፊት ነግሯቸዋል፤ ዘር የለኝም፣ የማንም ነኝ ብሏቸዋል። ማመልከቻውን አጥፎ ከካኪው ኪስ ከተተው።