የተሸፈነው ስም

ዳኛዋን ለወግ ለማዕረግ ያበቃት የታላቅ ወንድሟ መጋዝ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ወንድሟ ትምህርቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ አናጢ ሆነ። «አንቺ ተማሪ፤ ሌላው የኔ ጣጣ ነው» አላት። ጋሼ ነው የምትለው። ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥራ ቀን የሌሎችን ፍርድ እየተየበች፣ ማታ ሕግ ተማረች። ከዚያ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ፣ ቀጥሎም የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነች። ፀጉሯ ገብስማ ሲሆን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገባች። የተሾመች ቀን ጋሼ አዲስ ኮት ገዝቶ ከፊት ተቀመጠ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ያቺ ትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ስለነበረች፣ ዳኛዋ ከዚያ ጀምሮ የያዘችው ልማድ አላት። ጸሐፊዋ የባለጉዳዮቹን ስም በወረቀት ካልሸፈነችላት መዝገብ አታነብም። ቤቷም ውስጥ የክስ ወሬ አይነሳም፤ ዘመድ ይሁን ጎረቤት፣ ከጀመረ ታስቆመዋለች። ባልደረቦቿ «አንቺ እኮ የምትፈርጂው ለሰው ሳይሆን ለቁጥር ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ ግን ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን በአጥር የተካሰሱ የሁለት ጎረቤታሞች መዝገብ በይግባኝ ደረሳት። እንደ ልማዷ ስሙ ተሸፍኖ አነበበችው። ከሳሹ ቦታውን ከመግዛቱ በፊት አጥሩ እዚያው እንደነበር አንድ ቀያሽ መስክሯል፤ የሥር ፍርድ ቤት ግን ቃሉን ዘሎታል። ይግባኝ ባዩ ተከሳሽ ልክ ነው፣ በቃ። አብረውኝ ከሚሰየሙት ዳኞች ጋር ስንመካከር እናገራለሁ ብላ አደረች።

በማግስቱ በችሎት ስም ሲጠራ፣ ያንን የሹመቷን ቀን ኮት የለበሰ ሰው ብድግ አለ። ጋሼ! ለካስ እሱም የቤቷን ሕግ አክብሮ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲከራከር ትንፍሽ አላለም። ምን ዓይነት ጣጣ ነው እባካችሁ!

«ወንድሜ ነው፤ ከዚህ መዝገብ ተነስቻለሁ» አለች። ሌላ ዳኛ ተተካ። ያየችውን ለተተኪው ሹክ ልትለው አትችልም፤ ሹክ ካለችማ መነሳቷ ምኑ ላይ ነው? ኮሪደር ላይ ሲያጋጥማት አንገቷን ደፍታ ታልፈው ነበር። ዳኞቹም የቀያሹን ቃል ዘለሉት። ጋሼ ተረታ፤ የመጋዝ ማሽኑ የቆመበት የወርክሾፑ ግማሽ ለጎረቤቱ ተፈረደ። ከዚያ በላይ ይግባኝ የሚባልበት አልነበረም።

እሑድ ወደ ወርክሾፑ ሄደች። ጋሼ ተንበርክኮ የማሽኑን ብሎን ይፈታል።

«አንብበሽው ነበር?» አላት ቀና ሳይል።

«አንብቤው ነበር።»

«እንግዲያው ዳኛዋን ልጠይቅ። ማን ነበር ልክ?»

«አንተ ነበርክ፣ ጋሼ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «እያወቅሽ ተነሳሽ?»

«እያወቅኩ ተነሳሁ።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣት በወደደች ነበር። «እኔ ብሆን አልችለውም» አለ። «በይ ሂጂ፤ ነገ ችሎት አለሽ።»

ከልጅነቷ ጀምሮ በር ድረስ ሳይሸኛት ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን መፍቻውን መልሶ አነሳና ወደ ብሎኑ ዞረ። በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች።