የየኔታ ድምፅ ያለበት ሳጥን

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን በቅርቡ የተቀጠረው ልጅ የመረጃ ማስቀመጫውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ እምቢ ሲለው፣ «ይሄማ ሞቷል፤ ሌላ ይገዛ» አለ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ችኮላ አልወድም። «መጀመሪያ የት እንደከረመ ጠይቅ» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። አይፈረድበትም፤ መሪጌታ ላቀውን አያውቃቸውም።

ያኔ ጦርነቱ ካለፈ ብዙም አልቆየም። ከኮሌጅ ወጥቼ ውጫሌ ላይ ስልክና ኮምፒውተር እጠግን ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለ በማይመስለኝ ዕድሜ። አንድ ቀን ሐይቅ ከተማ አጠገብ ዜማ የሚያስተምሩት መሪጌታ ላቀው ሰው ላኩብኝ። ወሩ ጥር ነው፤ ሚኒባሱ በቆመ ቁጥር ሴቶች የሽምብራ እሸት በመስኮት ያቀብላሉ። እሸቴን እየፈለፈልኩ፣ ምን ዓይነት ብልሽት ይሆን እያልኩ ሄድኩ። ያላየሁት ብልሽት ድሮም ያጓጓኛል።

መሪጌታ ጠረጴዛቸው ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሳጥን አሳዩኝ። ውስጡ ዲስኮች አሉ። መምህራቸው የኔታ ከማረፋቸው በፊት ያዜሙት ሁሉ ተቀድቶ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

«ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለኝ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ከየኔታ ግማሹን ዜማ ነው ተምሬ የቀጸልኩ። የቀረው እዚህ ውስጥ ነው።»

ሳጥኑን ከኤሌክትሪክ አገናኘሁት፤ አረንጓዴ መብራቱ በራ። እጄን ላዩ ላይ ሳሳርፍ ዲስኮቹ ሲዞሩ ይሰማኛል። እሱ ደህና ነው። የራሴን ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካ ወዲያው ከፈተው፤ ኮምፒውተሩም ደህና ነው። ሁለት ጤነኞች ካልተነጋገሩ መሐላቸው የገባ ነገር አለ ማለት ነው። ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው። መሰኪያውን ትንሽ ነቅነቅ ሳደርገው ሳጥኑ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብሎ ታየና ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ጠየቀ።

«እሺ በይው እንጂ፤ ፈቃድ መጠየቁ አይደል?» አሉ መሪጌታ።

«እሺ ካልኩትማ የኔታን ጠርገን ጣልናቸው።»

መሪጌታ ደንግጠው ወደኋላ አሉ። እኔም ገመዱን ነቀልኩና፣ «ለመሆኑ የት ነበር የከረመው?» አልኳቸው።

«ደህና ቦታ።»

«ውሃ ነክቶታል? ወድቆ ነበር?»

«ደህና ቦታ አልኩሽ እኮ!»

ተቆጡ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው ሆኑብኝ።

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው እትዬ ዘሀራ የጀመረችውን ስፌት እንደያዘች ገባች። «የኔታ ተናገሩ?» አለች። መሪጌታ በዓይናቸው ዝም በይ አሉኝ፤ እሷ ግን አየቻቸው።

«እኔ ቤት ነው የከረመው» አለችኝ። «ጦሩ ሲቀርብ መሪጌታ አደራ አሉኝ። ጎተራ ውስጥ፣ ጤፍ መሐል ቀበርኩት። ጤፍ አይነቅዝም፤ እንቁላል እንኳ ጤፍ ውስጥ አይሰበር ብዬ።» ቀጥላ ቀስ ብላ፣ «አበላሸሁት እንዴ?» አለች።

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጣው እሷን ለመከለል እንጂ በእኔ አልነበረም።

ሳጥኑን አጥፍቼ በስልኬ መብራት መሰኪያውን አየሁት። ከጥጉ አንዲት ቀይ ጤፍ ተሰንቅራለች፤ ገመዱ በተሰካ ቁጥር ይበልጥ እየጠቀጠቃት። እትዬ ዘሀራ ከስፌቷ ስንደዶ መዛ ሰጠችኝ፤ በጫፉ ቀስ አድርጌ አወጣኋት። መልሼ ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ሳያንገራግር ከፈተው።

መጀመሪያ የሽማግሌ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ ዜማው ወጣ። መሪጌታ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በተማሪነታቸው የኔታ ፊት እንደሚቆሙት ቆሙ። እትዬ ዘሀራ «አልሀምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች። መሪጌታ ዘወር ብለው፣ «ይኸው አደራሽ፣ ዘሀራ። ደህና ነው የከረመው» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ማሽን ጠግኛለሁ፤ የዚያ ቀኑን ያህል የገረመኝ የለም። እትዬ ዘሀራ ባትገባ ኖሮ መሪጌታ ጤፉን ይነግሩኝ ነበር ወይ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። አይመስለኝም። እኔን በትህትና ሸኝተው፣ ግማሹን ዜማ እንደያዙ ከጎረቤታቸው ጋር በሰላም ይኖሩ ነበር።