በመኪናው ጎን የተንጠለጠለ ማጀት

ሰው ቤት ሲሠራ ማጀቱን ወደ ጓሮ ያደርጋል። እኔ ግን ማጀቴን ከጭነት መኪና ጎን አንጠልጥዬ በአርሲ ደጋና በአዋሽ ቆላ መካከል ስንከራተት ከርሜአለሁ። ዛሬም ወገቤ ሲነሳብኝ የማማው ያንን ኮረኮንች መንገድ ነው።

አብዮቱ ከመፈንዳቱ ሁለት ሦስት ዓመት በፊት ነው። ባለቤቴ ሾፌር ነበር። ከበቆጂ ገብስና ስንዴ ጭኖ፣ በአሰላ አድርጎ ወደ ናዝሬት፣ ሲልም እስከ አሰብ ይወርዳል። ጨጓራው ከታመመ ቆይቷል፤ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ሆዱን ይዞ ሲነዳ አይቼዋለሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረው። ወይ መንገዱን ተው፣ ወይ በየሆቴሉ በርበሬና ጥሬ ሥጋ መብላቱን ትተህ ለስላሳ የቤት ምግብ በሰዓቱ ብላ፤ ካልሆነ ቁስሉ አንድ ቀን ይፈነዳል፣ ያን ጊዜ እኔ ዘንድ አትምጣ አለው።

ባለቤቴ መኪናውን ከሚተው ነፍሱን ቢተው የሚመርጥ ሰው ነው። ከሐኪም ቤት ስንመለስ፣ "መሪ ካልያዝኩበት ይህን እጄን ምን ላደርገው ነው?" አለኝ። እሱ ወደ ቤት ካልመጣ ቤቱ ወደ እሱ ይሂድ ብዬ ተነሳሁ።

ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት የክሪክና የሰንሰለት ማስቀመጫ ሳጥን ነበር። ወርዱ ከክንዴ ብዙም አይበልጥም። እሱን ለማስለቀቅ ከረዳቱ ጋር መጨቃጨቅ ነበረብኝ። ረዳት ስላችሁ ወጣት እንዳይመስላችሁ፤ አባቴን የሚያክሉ የአቦምሳ ሰው ናቸው፣ ከመኪናው ጥላ ሥር ምንጣፋቸውን ዘርግተው የሚሰግዱ።

"ክሪኩን የት ላድርገው ልጄ?" አሉኝ።

"ከእግርዎ ሥር ያድርጉት።"

"እግሬንስ?"

"እሱን አላህ ያውቃል" ብላቸው ሳቁና ሳጥኑን ለቀቁልኝ።

አናጢው ሁለት መደርደሪያ አስገባልኝ። በሩን ወደ ታች የሚከፈት አድርጎ በሰንሰለት ያዘው፤ ሲዘጋ በር ነው፣ ሲከፈት ገበታ። ከታች የላምባ ምድጃ፣ ድስትና ማማሰያ፤ ከላይ የገብስ ዱቄት፣ ቅቤ፣ የተልባ ዱቄት፣ ጨው። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ ግን ከአሰላ ቤታችን ተነሥተን በቆጂ እስክንደርስ እንኳ አልቆየም። በሩን ስከፍት ጠርሙሱ ሁሉ ደቆ፣ ቅቤው ፈሶ፣ ላምባው ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ጠበቀኝ። ያንኑ ዱቄት ለማዳን ብዬ ገንፎ አገነፋሁት። ሦስታችንም ስናገሳ ላምባ ላምባ እንል ስለነበር ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ሲጋራ አልለኮሰም።

ከዚያ ወዲህ ብልቃጥ የሚባል ነገር አላስገባሁም። ሁሉንም በወተት ዱቄት ጣሳ አደረግሁት። በጣሳና በጣሳ መካከል ጨርቅ ወተፍኩ። ምድጃውን ከመነዳሪ በሚሉት አሮጌ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ከሳጥኑ ጥግ ጠፍሬ አሰርኩት፣ ከዱቄቱም አራቅሁት። በቆጂ ላይ ብርዱ ቅቤውን ድንጋይ ያደርገዋል፣ ነፋሱም እሳቱን ያጠፋል፤ አዋሽ ስንወርድ ያው ቅቤ ውኃ ይሆናል። ገንፎ ደግሞ እንደ ሻይ ጥደውት ዞር የሚሉት ነገር አይደለም። እኔ በሁለት እጄ ሳማስል፣ ረዳቱ ድስቱን በጨርቅ ይዘው ጥርሳቸውን ነክሰው ይቆማሉ። ሥጋ ስለሌለበት እሳቸውም ከእኛው ገበታ ይበላሉ። ከመኪናው ስወርድ ምድሩ ራሱ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር። ቢሆንም የባለቤቴ ፊት መመለስ ጀመረ፤ ለዚያ ብዬ ድካሜን እውጠዋለሁ።

ችግሩ የመጣው ካላሰብኩት በኩል ነው። አዋሽ ላይ ሾፌሮች የሚያርፉበት የግራር ጥላ አለ። እዚያ ቆመን ባለቤቴ መሐሉ ቅቤ የተንጣለለበትን ገንፎ ፊቱ አድርጎ ተቀምጧል። አንድ የመንገድ ባልንጀራው፣ ድምፁ እንደ ክላክስ የሚጮኽ ሾፌር፣ መጥቶ አየና እልልታውን አቀለጠው። ለወንድ ልጅ እልልታው ሰባት ነው፤ አንዱንም አላጎደለ።

"እንኳን ማርያም ማረችህ! ማንን ይመስላል?" አለው።

ገንፎ በእኛ ዘንድ የአራስ መሆኑን እኔ እንዴት እንደረሳሁት! ሆድ የሚያለሰልስ ምግብ ፍለጋ ስባዝን፣ ትልቁን ሰውዬ በአደባባይ አራስ ቤት አስገብቼው ቁጭ አልኩ። ጥላው ሥር ያለው ሾፌር ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። ወሬው እኛን ቀድሞ አሰላ ገባ፤ መኪናዋም "አራሷ" ተባለች።

ረዳቱ አዘኑ። "በእኛ ቤት እኮ ማርቃ የሽማግሌ ምግብ ነው፣ እንግዳ የሚከበርበት" አሉ። ማርቃ ያው ገንፎ ነው፣ በኦሮምኛ። "ስሙን እንለውጠው። ወንድ ማርቃ ቢበላ ማን ይስቃል?"

በሚቀጥለው ጉዞ አዋሽ ስንደርስ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ማርቃን ዱፌ! ማርቃው ቀርቧል!" አሉ። ባለቤቴም እንደ ትልቅ ሰው ተኮፍሶ መብላት ጀመረ። ያ ሾፌር ብቅ ብሎ ድስቱን አየና ሆዱን ይዞ ተንከተከተ።

"እኔ እኮ በኦሮምኛ አፌን የፈታሁ የሲሬ ልጅ ነኝ! እናቴ እኔን ስትወልድ ምን የበላች መስሏችሁ ነው?"

ሁለት ቋንቋ በሚናገር አገር ነገርን በቋንቋ መሸሸግ አይቻልም። ረዳቱ አንገታቸውን ደፉ። ባለቤቴ ተነሥቶ ከሾፌሮቹ ጋር ጥሬ ሥጋ ሊበላ ሄደ። እኔ ድስቱን ይዤ እዚያው ቀረሁ፤ በእሱም በራሴም ተናደድኩ፣ ከንዴቱ ይልቅ ግን ድካሙ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ፣ "አንቺ ቤት ቅሪ፣ ሳጥኑ ካለ ረዳቱ ይሠሩልኛል" አለኝ። ቀረሁ። ሲመለስ ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ የዱቄቱ ጣሳ ጢም እንዳለ ነው። የቅቤውም ጣሳ እኔው ከመሄዱ በፊት በጨርቅ እንደቋጠርኩት ነው፣ ቋጠሮው አልተፈታም። "በላህ?" እለዋለሁ። "በላሁ" ይለኛል። ረዳቱን ስጠይቃቸው ወደ ጎማው ዞረው አየር ይለካሉ። እኔም ያረጀውን ዱቄት ደፍቼ አዲስ እሞላለሁ። ምን ላድርግ? የሚበላው ባይኖርም ባዶ ሳጥን ይዞ እንዲሄድ ሆዴ እምቢ አለኝ።

ቁስሉ የፈነዳው ከበቆጂ ሲመለስ ነው። ከመኪናው ወርዶ ደም አስመለሰ፣ እዚያው መንገድ ዳር ተዘረረ። ከኋላው ይመጣ የነበረው ያው የሲሬ ልጅ ነው። የራሱን መኪና ጭነቱን እንደያዘ እዚያው ጥሎ፣ ባለቤቴን ከረዳቱ ጋር ተሸክሞ አስገብቶ፣ በባለቤቴ መኪና አሰላ ሐኪም ቤት አደረሰው። እኔ ስደርስ ሸሚዙ በባለቤቴ ደም ርሶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ በጣቱ በሩን አሳየኝ።

ቀደዱት፣ ሰፉት፤ ተረፈ። ከእንግዲህ መንዳት እንደማይታሰብም ነገሩት። ቤት ከገባ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። መኪናው ለሌላ ሾፌር ተሰጠ። ረዳቱ ሳጥኑን ፈትተው አመጡልኝና ባለቤቴ ከተኛበት ክፍል ጥግ አኖሩት።

አንድ እሑድ ያ የሲሬ ልጅ መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት በሁለት እጁ ይዟል፤ ሚስቱ የሠራችው ገንፎ ነው። ደፉ ላይ ቆሞ ወደ አልጋው እያየ፣

"እንኳን ማርያም ማረችህ" አለው።

ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ ቀስ ብሎ ከግድግዳው ዞረ።

"አሜን። ማርያም ታኑርህ" አለው። "ና፣ እንብላ።"

ከአንድ ድስት በሉ። ሲጨርሱ ሰውየው ወዲያው አልተነሣም። ሳጥኑን በዓይኑ ሲፈልግ አገኘውና እጁን ሆዱ ላይ አደረገ፤ ባለቤቴ ድሮ በእጁ ይጫነው የነበረው ቦታ ላይ፤ ያው ሕመም እሱንም ጀምሮት ኖሯል።

"ያ ነገር… እንዲሁ ነው የተቀመጠው?" አለኝ።

እኔ ባለቤቴን አየሁ። እሱ ሳጥኑን አየ። ሳጥኑ ጥግ እስካለ ድረስ አንድ ቀን ተመልሶ መሪ እንደሚይዝ ያስብ እንደነበር አውቃለሁ፤ አቧራውን እንድጠርግ እንኳ አይፈቅድልኝም ነበር።

"ምድጃው ላምባ ያንጠባጥባል" አለኝ ባለቤቴ። "ከዱቄቱ አርቀሽ እሰሪለት።"

ወደ ማጀት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ጣሳዎቹን አወረድኩና ዱቄት መሙላት ጀመርኩ።