ለአቃቂው ቤት የመረጥሁት መቅጃ

አገሬን ለቅቄ በወጣሁበት ምሽት አባቴ ዜና ይመለከቱ ነበር። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፤ የኮንትራት ታክሲው ውጭ ይጠብቃል፤ እርሳቸው ግን የአየር ጠባይ ዘገባው እስኪያበቃ ከወንበራቸው አልተነሡም። ካበቃ በኋላ ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል «ስትደርሺ ደውዪ» አሉኝ። ለአንድ ሳምንት ጉባኤ እሄዳለሁ ብያቸው ነበር። ለአንድ ሳምንት ጉባኤ የክረምትና የበጋ ልብስ አብሮ እንደማይታሸግ ለእናቴ ገብቷታል፤ ገብቷትም ሻንጣዬን እስከ ታክሲው ተሸከመችልኝ።

ታክሲው ከአቃቂ ተነሥቶ ወደ ሳሪስ ሲወጣ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት በኩል አለፍን፤ አጥሩ እስኪያልቅ ድረስ አየሁት። የምሸሸው ከዚያ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተምር ነበር። ከይዞታቸው ስለሚነሡ ገበሬዎች ካሣ የጻፍሁትን የባለሙያ አስተያየት እንድለውጥ ተጠየቅሁ፤ አልለወጥሁም፤ ከዚያ የእስር ማስጠንቀቂያው መጣ። የጥገኝነት ጉዳዬን የመረመረው የጀርመን ባለሥልጣን ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሲጠይቀኝ ፊቱ ላይ እውነተኛ ጉጉት ነበር።

«በጽሑፍ ሰጥተውዎታል?»

«በጽሑፍ አይሰጥም።»

«ለምን?»

«ማስረጃ ስለሚሆን።»

ይህን በጽሑፍ መዘገበው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥገኝነቱ ተፈቀደልኝና የጉዞ ሰነድ ልቀበል አውስሌንደርበሆርደ የሚሉት የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድሁ።

«ይህ ለሁሉም አገር ይሠራል» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«ለሁሉም?»

«ከኢትዮጵያ በቀር።»

«እኔ መሄድ የምፈልገው ወደ ኢትዮጵያ ነው።»

«እንግዲያው ሰነዱ አያስፈልግዎትም ማለት ነው» አለችና ማኅተሙን መትታ ሰጠችኝ።

የምኖረው በጀርመን መሐል በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ነው። እዚህ ዝናብ ድምፅ የለውም፤ ቆርቆሮ ስለሌለ፣ መዝነቡን የሚያውቀው ወደ መስኮት የሄደ ሰው ብቻ ነው። እራት ቀዝቃዛ ዳቦ በአይብ ነው፤ አቤንድብሮት ይሉታል፤ ማንም ማንንም «ብላ እንጂ» አይልም። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። የሰው አባት አጥባለሁ፣ የሰው እናት አለብሳለሁ፤ ከሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥናቸውን ከፍቼላቸው እወጣለሁ። ወደ እነዚህ ሰዎች ክፍል የሚያስገባኝ ቁልፍ በአንገቴ ላይ ነው። ወደ አባቴ ክፍል የሚያስገባኝ ግን የትም የለም።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ እጃቸው ከዚያ ወዲህ አይታዘዝም፤ ቀኝ እግራቸውም ደክሞ በምርኩዝ ነው የሚንቀሳቀሱት። የምሳ ሰዓት ክኒናቸው ያስተኛቸዋል፤ የሚወዱት ድራማ ደግሞ የሚተላለፈው እርሳቸው ተኝተው ሳለ ነው። ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ ድራማ ነው፤ ከአባቷ ተጣልታ ወደ ሩቅ ከተማ ስለ ሄደች ልጅ። እናቴ በየቀኑ ታየዋለች፤ ሲነቁ ትተርክላቸዋለች። ካልተረከችላቸው እራታቸውን ገፍተው፣ የማታውን ክኒን ሳይውጡ ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ለሁለተኛ ስትሮክ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ስለዚህ እናቴ ከቤት አትወጣም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሳትቀመጥ ደርሳ ነው የምትመለሰው።

ይህን ሁሉ ልታገሠው እችል ነበር፤ አክስቴ አስካለ ባትታመም። አስካለ የእናቴ ታላቅ እኅት ናት፤ ዱከም አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች፤ እናቴን ስሟን እየጠራች ‹ነዪልኝ› ትላለች።

«ዱከም እኮ ቅርብ ነው» አልኋት ለእናቴ በስልክ።

«ለሚሄድ ሰው ነው ቅርብ» አለችኝ።

በዚያ ሳምንት መቅጃ ልገዛላቸው ወሰንሁ። ድራማው ይቀዳል፤ አባቴ ሲነቁ በግራ እጃቸው አንድ ቁልፍ ተጭነው ያዩታል፤ እናቴ ዱከም ደርሳ ትመለሳለች። ጥያቄው ይህን ያህል ግልጽ ስለነበረ መልሱም እንደዚያው የሚሆን መሰለኝ።

የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ሻጭ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ለወላጆቼ። ሁለቱም ከሰባ በላይ ናቸው፤ ሜኑ የሚባል ነገር አይከፍቱም።»

«ይህ በጣም ቀላል ነው፤ በድምፅ ያዙታል።»

«በአማርኛ?»

«አማርኛ የለም። እንግሊዝኛ ይችላሉ?»

«አባቴ ‹አውት ኦፍ ስቶክ› ይላሉ።»

«ኢንተርኔትስ አላቸው?»

«አንዳንዴ።»

«መብራትስ?»

«እሱም አንዳንዴ።»

ሻጩ ዕቃውን ወደ መደርደሪያው መለሰ። «እመቤቴ፣ መጽሐፍ ቢገዙላቸውስ?» አለኝ፤ ትሑት ሰው ነበር።

በመጨረሻ የመረጥሁት ፍላሽ ላይ የሚቀዳ ተራ ሪሲቨር ነው። አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በየቀኑ በሰዓቱ ራሱ ይቀዳል፤ አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን የመጨረሻውን ቅጂ ያጫውታል፤ ከዚህ ሌላ የሚጠይቀው ዕውቀት የለም። ሁለት ገዛሁ፤ በስልክ ሳስረዳ ያንኑ ሪሞት በእጄ ይዤ እንድናገር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱን እንደማይረሳ ለማረጋገጥም የክፍሌን መብራት ከቆጣሪው እያጠፋሁ ደጋግሜ ፈተንሁት። አከራዬ ሄር ክራመር ደረጃውን ወጥቶ በሬን አንኳኳ።

«የመብራቱ ችግር ምንድን ነው?»

«ችግር የለበትም። ችግሩን የማመጣው እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አቃቂን እንዲመስል።»

ትንሽ ካሰበ በኋላ «በውላችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተጠቀሰም» አለኝ። ትክክል ነበር።

ሪሲቨሩን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁት። የገጠመችው የአስካለ ልጅ ብርቱካን ናት፤ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ እሑድ እሑድ ዱከም ሄዳ እናቷን ታጥባለች። በመጦሪያው እንደምናደርገው፣ የማያስፈልጉትን የሪሞቱን ቁልፎች በፕላስተር እንድትሸፍናቸው አዘዝኋት። አባቴ ሪሞቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ ስልኩን ተቀበሏት።

«ይህን ሁሉ ዘመን ቃሊቲ አጠገብ ኖረን ሳንታሰር ቀርተን፣ አንቺ ከጀርመን አሰርሽን?»

«ሪሞቱ ነው የታሰረው፣ አባባ።»

«እሱ ምን አደረገ?»

ለእኔ ሲሉ አረንጓዴውን ተጫኑት፤ ብርቱካን የቀዳችው ዜና ተከፈተ። «ሠርቷል፤ ተረክቤያለሁ» አሉና አጠፉት። ዕቃ ፈትሾ ተረክቦ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አልቀዳም። በየምሽቱ እደውላለሁ፤ እናቴ «ምንም የለም» ትለኛለች። ሰዓቱን አስተካከልን፤ ፍላሹን ቀየርን፤ ጣቢያውን እንደ ገና ፈለግን። በዚህ ሁሉ መሐል እናቴ የሠፈሩን ወሬና የድራማውን ወሬ ሳትለይ ታወራኛለች።

«ልጅቱ ተመለሰች እኮ» አለችኝ አንድ ምሽት።

«የቷ?»

«የድራማዋ። አባቷ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላት።»

«የማላውቃት ሰው ስለተመለሰች ደስ ብሎኛል» አልኋትና ወደ ፍላሹ ተመለስሁ።

ምክንያቱን ያገኘነው ብርቱካን ከሥራ ቀርታ ስልኳን በቪዲዮ ወደ መቅጃው ስታዞርልኝ ነው። የመቅጃው ገመድ በሥርዓት ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ተንጠልጥሏል።

«እማዬ፣ ሶኬቱን ማን ነቀለው?»

«እኛ ነን። ድራማውን የማየው በድሮው ሪሲቨር ነው፤ ይህን እንነቅለዋለን፤ ይረፍ እንጂ።»

«ታዲያ እንዴት ይቅዳ?»

«መብራት በኃይል ሲመጣ ቢቃጠልስ? የፊተኛው ቴሌቪዥን እንዴት እንደሄደ ረሳሽው?»

ከበስተኋላዋ የአባቴ ድምፅ መጣ፦ «ሰው ሳይጠብቀው የሚሰካ ዕቃ በዚህ ቤት የለም።»

መብራት እንደሚጠፋ አስቤ ነበር። ሰው እንደሚነቅል አላሰብሁም። በዚያ ቤት አድጌ ይህን መርሳቴ ከማንኛውም የጉዞ ሰነድ የበለጠ የት እንዳለሁ ነገረኝ።

እናቴ ልታስደስተኝ ስትል መፍትሔ አገኘች። ሶኬቱ እንዲሰካ ፈቀደችና፣ ቅጂው እስኪያልቅ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ጀመር፤ መብራቱ ብልጭ ሲል ልትነቅለው እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ። አባቴም ሲነቁ መቅጃውን አይነኩትም፤ እንደ ወትሮው እርሷን ይጠይቃሉ፤ እርሷም ትተርካለች። ከቤት እንድትወጣበት የላክሁት ማሽን ሁለተኛ ሕመምተኛ ሆነባት።

በመጨረሻ ብርቱካን ከሳሪስ ስታቢላይዘር ገዝታ መጣች፤ መብራት በኃይል ሲመጣ ራሱ የሚቆርጥ። አባቴ እንደ ተከሳሽ መረመሯት፦ ሲቆርጥ ማን ያያል፣ ካልቆረጠ ማን ይጠየቃል። «እኔ እጠየቃለሁ» አለቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳይጠብቀው የሚሰካ ዕቃ በዚያ ቤት ተፈቀደ።

እናቴ ዱከም የሄደች ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። ከሰዓት፣ ስልኬ ጮኸና የአባቴን ስም አየሁ። ራሳቸው ደውለውልኝ አያውቁም፤ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ አነሣሁት።

«ማሽንሽ ሠርቷል» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አዩት?»

«አየሁት። ግን ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ልጅቱ አልተመለሰችም።»

የማጠቢያ ክፍሉን በር ዘጋሁት።

«እናትሽ ከፋሲካ በፊት ነው የተመለሰችው ያለችኝ። አባትየው በር ድረስ ወጣ፤ ሻንጣዋን እሱ ነው ያስገባው። በየቀኑ ስትነግረኝ ቆይታለች፤ አብረው ምን እንደበሉ፣ ምን እንደተባባሉ። እዚህ ግን ያቺው ከተማ ውስጥ ናት፤ የሰው ፎቅ ትጠርጋለች። አባትየውም ስሟ በቤቱ እንዳይጠራ ብሏል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የትኛው ነው ልክ?»

እናቴ ያን ሁሉ ወራት ተቀምጣ ምን ስትሠራ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅቱን ከሩቅ ከተማ አምጥታላቸዋለች፤ እርሳቸውንም በየቀኑ ከወንበራቸው አስነሥታ በር ድረስ ወስዳቸዋለች። ማሽኑ ልክ ነው ብል እናቴ ከነገ ጀምሮ መውጣት ትችላለች፤ እርሳቸው ደግሞ ብቻቸውን ያቺን ልጅ ፎቅ ስትጠርግ ያያሉ፤ እናቴም እንደ ዋሸቻቸው ያውቃሉ። የእናቴን መውጣትና የእርሳቸውን ታሪክ አብሮ ማቆየት የሚቻልበት መንገድ ፈለግሁ። አልነበረም።

«ማሽኑ ነው የተሳሳተው፣ አባባ» አልሁ። «የቆየ ክፍል ነው የቀዳው፤ ከመመለሷ በፊት ያለውን።»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«እማዬ የነገረችዎት ነው ልኩ።»

«እናትሽ አትሳሳትም» አሉ፤ ድምፃቸው ቀለለ። «እንግዲያው ይነቀል።»

ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ምርኩዛቸው ወለሉን ሲመታ ይሰማኛል። እንዲቀመጡ፣ እንዳይወድቁ ለመንኋቸው፤ ምርኩዙ መምታቱን ቀጠለ። ከዚያ «ነቀልሁት» አሉ። «በይ ዝጊ፤ ሂሳብ አይቁጠር።»

ፈረቃዬ ሲያልቅ እናቴ ከዱከም ደወለች። አጠገቧ ሰው ይሥቃል፤ የአስካለ ሣቅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ገላዋን አጥባታለች፤ ጸጉሯን ሠርታታለች፤ አጥሚት አጠጥታታለች።

«አባትሽስ? አየ?»

«አዩ» አልኋት፤ እንደነቀሉት ግን አልነገርኋትም።

«ተመስገን። ለአስካለ ከእንግዲህ በየሳምንቱ እመጣለሁ ብያታለሁ» አለችኝ። «ቆይ፣ ራሷ ትንገርሽ» ብላ ስልኩን ሰጠቻት።