ለቦሎ የተዋስናቸው ጎማዎች

ሚኒባሷን የሸጠልን ሰውዬ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከመሳለም ሌላ ሥራ አልሠራችም አለን። እንደ መኪናዋ ሁኔታ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ በጣም ሩቅ መሆን አለበት።

የገዛናት ባሕር ዛፌን ሸጬ፣ ልጄም ያጠራቀመውን ጨምሮበት ነው። ሊብሬዋ በእኔ ስም ወጣ። ልጄ ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከመቱ ጎሬ፣ በገበያ ቀን ደግሞ እስከ ያዮ ሰው ይጭናል። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ስለ መኪናም የማውቀው ተሳፍሮ መውረድ ብቻ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ብዙ ተማርኩ።

መጀመሪያ የተማርኩት ሞተሪኖ የሚባል ነገር ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው፤ የእኛው አያስነሳም። ስለዚህ ልጄ መኪናዋን የሚያቆመው ቁልቁለት እየፈለገ ነው። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ሄደን ቁልቁለት ጠፋና ሜዳ ላይ አቆማት። ስንወጣ ለቀስተኞቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ገፉልን። የጎን በሯም ከውስጥ አይከፈትም፤ ወራጅ ሲኖር አንዱ ተሳፋሪ በመስኮት እጁን አውጥቶ ነው የሚከፍተው። የዝናብ መጥረጊያው ደግሞ ከሹፌሩ ጎን በተቀመጠው በኩል ያለው ብቻ ይሠራል። እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ዝናብ ባለ ቀን ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ነኝ። እናም መንገዱ የሚታየው ለእኔ እንጂ ለሹፌሩ አይደለም። «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በል፣ በግራ በኩል ላም አለች» እያልኩ ስንት ቀን ከጎሬ መቱ ወርደናል። አንዷ ተሳፋሪ ከኋላ ሆና መንጃ ፈቃዱን ለእርስዎ ለምን አልሰጡዎትም አለችኝ።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ ጎማው ግን አያስቅም። አራቱም ሊሾ ሆነዋል፤ እጄን ሳስኬድባቸው እንደ ገንቦ ይለሰልሳሉ። መንገዱ ሲጨቀይ ከጎሬ መውረጃው ላይ የመኪናዋ ኋላ ወደ ገደሉ ሄድ ይላል። ልጄን ጎማ ቀይር ስለው ቡና ይድረስ ይለኛል። ክረምቱ ደግሞ ከቡናው ይቀድማል። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም።

እንግዲህ ተስፋዬ ሁሉ ቦሎ ላይ ነበር። መኪና በዓመት አንድ ጊዜ ተመርምራ ደህና ነች ስትባል መስታወቷ ላይ የሚለጠፈው ነው ቦሎ የሚባለው። መርማሪው ጎማውን አይቶ ይመልሳታል፤ እኔ ስለፈልፍ አልሰማ ያለውን መንግሥት አንዴ ሲለው ይሰማል ብዬ ጠበቅኩ።

የምርመራው ዕለት ጠዋት ግቢ ውስጥ የብረት ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ጎረቤታችን ጋሼ፣ እሳቸውም ባለ ሚኒባስ ናቸው፣ የራሳቸውን መኪና ድንጋይ ላይ አቁመው የእሷን ጎማዎች ለእኛ ያስራሉ። ምንም አላፈሩም። ባለ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ደግሞ የእናንተን ባትሪ እወስዳለሁ አሉኝ። ለምርመራው አብረው ያመጡት እሳት ማጥፊያ የማን እንደሆነ ግን እሳቸውም ረስተውታል፤ ከመኪና መኪና ሲዞር ዓመታት ሆኖታል።

«አንቺስ በሰው ጫማ ሠርግ ሄደሽ አታውቂም?» አሉኝ።

ሄጃለሁ፣ ግን በሰው ጫማ ገደል አልወረድኩም ልላቸው አሰብኩ። ታላቄ ናቸውና ቡና ላፈላላቸው ገባሁ።

ሊብሬዋ በስሜ ስለሆነ እኔም አብሬ መሄድ ነበረብኝ። ልጄ መንገዱን ሙሉ አስጠናኝ፤ ሰላም በዪ፣ ፈርሚ፣ ከዚያ ዝም በዪ።

መርማሪው መኪናዋን ዞራት። መብራት አስበራ፣ ፍሬን አስረገጠ። ጎማው ጋ ሲደርስ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ጥሩ ጎማ ነው፣ መቼ ገዛችሁት አለ። ልጄ በቅርቡ ነው አለው። ሰውዬው ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

እኔ ወረቀት የያዘ ሰው እፈራለሁ። ቀበሌ ለመግባት እንኳ ጎረቤት አስከትላለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ሁለት ፍርሃት አንድ ላይ መጣብኝ፤ አንዱ ይህ ሰውዬ፣ ሌላው የጎሬ ቁልቁለት። ቁልቁለቱ በለጠ።

«የጋሼ ነው» አልኩ። «እስከ ምሳ ሰዓት ነው የተዋስነው።»

ልጄ ዓይኑን ጨፈነ። መርማሪው ግን አልተቆጣም።

«አዮ፣ እናቴ፣ እነዚህን ጎማዎች እኔም አውቃቸዋለሁ» አለኝ። «ዘንድሮ ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። ባይነግሩኝ ኖሮ እንዳላየሁ ሆኜ አልፍ ነበር። አሁን የሰማሁትን ምን ላድርገው?»

የራሳችንን ጎማ አድርገን እንድንመጣ ነግሮ ሳይፈርም መለሰን። የእሳት ማጥፊያውንም ባለቤት ሰላም በሉልኝ አለ።

ቤት ስንደርስ ልጄ ፊቱን አዙሮ ጎማዎቹን መፍታት ጀመረ። የእሱን የቁጣ ድርሻ ጋሼ ተናገሩት። መኪናቸው ድንጋይ ላይ ቆማ መዋሏ ሳያንስ ጎማቸው ከነመልኩ ታውቆባቸዋል። መናኸሪያ ብቅ ስልም ባለ መኪኖቹ እትዬ ቦሎ መጡ፣ ጎማችሁን ደብቁ ይባባሉ ጀመር።

መኪናዋ ያለ ቦሎ መሥራት አትችልም፤ ስለዚህ ጊደሬን ሸጥኩ። ልትወልድ የተቃረበች ነበረች፤ አራት ጎማ ሆና ተመለሰች። ሲታሰሩ ቆሜ አየሁ። ጥርሳቸው የጣቴን ጫፍ ይውጣል። ቦሎውም ተለጠፈ።

ሦስት ቀን ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ከጎሬ የመጣች ወዳጄ ልጅሽ እንዴት ያለ ሹፌር ወጣው፣ ተቀምጬ ሳልደላደል መቱ ደረስን አለችኝ። ልጄን ጠየቅሁት። ጎማው ይይዛል፣ ምን ያስፈራል አለኝ። በሊሾው ጊዜ እሱም እየፈራ እንደ ሽማግሌ ነበር የሚነዳው። ያችን ፍርሃቱን በጊደሬ ከፍዬ እንዳወጣሁለት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በቄስ አስመከርኩት። ቤት ውስጥ እሺ ይላል፣ መንገድ ላይ ይረሳዋል።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ፊቱን ጥሎ መጣ። አራተኛ ማርሽ አልገባም ብሎታል። መካኒኩ ካምቢዮው ወርዶ መፈታት አለበት፣ ወጪውም ብዙ ነው ብሎታል። ካለሽ ስጪኝ አለኝ። ነበረኝ። ዕቁብ ወጥቶልኝ ብሩ ሳጥን ውስጥ ነው።

«ያለ አራተኛ አትሄድም?» አልኩት።

«ትሄዳለች። ግን አትሮጥም፤ በሦስተኛ እየጮኸች ነው።»

«ቁልቁለት ላይስ?»

«ቁልቁለት ላይማ ሦስተኛ ይሻላል፣ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል።»

የለኝም አልኩት።

ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ስትመጣ ጩኸቷ ከሩቅ ይሰማል፣ ያኔ ተነስቼ ወጡን አሞቃለሁ። በሦስተኛ ስነዳት ነዳጅ ትበላለች እያለ ያማርራል። ትብላ።